የቤት ሥራውን ኤአይ ከሠራው፣ ተማሪውን በምን እንመዝነው?

ጥያቄ፦ ከ«መምህርት ዘግሽ ዓባይ»

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ ተሳታፊዎች። ባሕር ዳር ከተማ ውስጥ በአንድ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የ11ኛ ክፍል የእንግሊዝኛ መምህርት ነኝ። የማነሣው ጉዳይ ከተከታታይ ምዘና ጋር የተያያዘ ነው።

በዚህ ሴሚስተር እምቦጭ አረም በጣና ዙሪያ ነዋሪዎች ላይ ያደረሰውን ጉዳት የሚገልጽ ድርሰት በእንግሊዝኛ ጽፈው እንዲያመጡ ለተማሪዎቼ የቤት ሥራ ሰጥቼ ነበር። የመጡት ወረቀቶች በእጅ የተጻፉ ቢሆኑም የአብዛኞቹ አወቃቀር አንድ፣ አገላለጻቸው አንድ፣ መደምደሚያቸው ሳይቀር አንድ ነው። ስለ ብዝኀ ሕይወትና ስለ ሥነ ምኅዳር ሚዛን በሰፊው ያትታሉ፤ ጣና የሚለው ስም ወጥቶ የሌላ ሐይቅ ስም ቢገባበት ግን አንድም ዓረፍተ ነገር የሚናጋ የለም። አንድ ልጅ ብቻ፣ ግሱ ከባለቤቱ ጋር በማይስማማበት በተሰባበረ እንግሊዝኛ፣ አጎቱ ማለዳ መረቡን ሲስብ ከክብደቱ የተነሣ ዓሣ የሞላው እንደሚመስለው፣ ወደ ታንኳው ሲያወጣው ግን አረም ብቻ ሆኖ እንደሚያገኘው፣ ቆረሶ የተባለውን ዓሣ ፍለጋም ከቀድሞው ይልቅ ርቆ መቅዘፍ እንደ ጀመረ ጽፏል። የምንጠቀምበት የማርክ መስጫ መስፈርት ነጥብ የሚሰጠው ለሰዋስው፣ ለቃላት አጠቃቀምና ለአደረጃጀት በመሆኑ፣ በመስፈርቱ ከሄድኩ ከክፍሉ ዝቅተኛውን ማርክ የሚያገኘው ይኸው ልጅ ነው።

ባልደረቦቼ በሁለት ጎራ ተከፍለዋል። ግማሾቹ ኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) የገባበት የቤት ሥራ ሁሉ ዜሮ ይሰጠው ይላሉ፤ ይሁንና የትኛው እንደ ገባበት በምን ይረጋገጣል? የቀሩት ደግሞ ዓለም ወደ ኦንላይን ትምህርትና ወደ ሰው ሠራሽ አስተውሎት እየሄደ ሳለ በር ብንዘጋ ልጆቻችንን ወደ ኋላ ከማስቀረት በቀር የምናተርፈው የለም ባዮች ናቸው። በሁለቱም ወገን እውነት አለ፤ እኔ ግን ማርክ መሙላት አለብኝና በክርክሩ ላይ ብቻ መቆየት አልችልም። የጽሑፉን ባለቤት ይለያሉ የሚባሉት መመርመሪያ ሶፍትዌሮች እምነት ይጣልባቸው እንደ ሆነ፣ በሌላ አገር ተሞክሮ ውጤቱ የታወቀ አሠራር ካለ፣ ከ60 በላይ ተማሪ በያዘ ክፍል ውስጥም ሊተገበር የሚችለው የትኛው እንደ ሆነ የምታውቁ ብታካፍሉኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።


መልስ፦ ከ«ፔዳ ግቢ»

ውድ መምህርት፣ ቁርጥ ያለ መልስ ሊሰጥበት ከሚችለው ልጀምር። በመመርመሪያ ሶፍትዌር ውጤት ተመሥርተው ለማንም ተማሪ ዜሮ እንዳይሰጡ። ቻትጂፒቲን የሠራው ኦፕንኤአይ ራሱ ያወጣውን መመርመሪያ፣ ትክክለኛነቱ ዝቅተኛ መሆኑን ገልጾ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2023 ከአገልግሎት አውጥቶታል። በዚያው ዓመት የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ያልሆነ ሰዎች ቶፍል ለተባለው የእንግሊዝኛ ችሎታ መመዘኛ ፈተና የጻፏቸውን 91 ድርሰቶች ለሰባት መመርመሪያዎች ሰጥተው ነበር፤ መሣሪያዎቹ በአማካይ ከ61 በመቶ የማያንሱትን «በማሽን የተጻፉ» ብለው ፈረጇቸው፣ የአሜሪካ 8ኛ ክፍል ተማሪዎች የጻፏቸውን ግን ከሞላ ጎደል በትክክል ለይተዋል። መሣሪያዎቹ ከሚመለከቷቸው ነገሮች ዋናው ቀጥሎ የሚመጣው ቃል ምን ያህል አስቀድሞ ሊገመት እንደሚችል ነው፤ በሁለተኛ ቋንቋው የሚጽፍ ሰው ደግሞ ከሚተማመንባቸው ጥቂት ቃላት ርቆ ስለማይሄድ ጽሑፉ በቀላሉ የሚገመት ይሆናል። የእኛም ልጆች በዚያ ጥናት ውስጥ ቢገቡ የሚመደቡት ከቶፍል ጸሐፊዎቹ ጋር ነው። ስለዚህ ሶፍትዌሩን ብንጠቀም በሐሰት ከሚከሰሱት መካከል በራሱ ጥረት የጻፈው ልጅ የመገኘቱ ዕድል ትንሽ አይደለም።

በሌላ አገር ተሞክሮ ውጤቱ የታወቀውን በተመለከተ፣ እኔ ከሁሉ አብልጬ የምጠቅሰው በቱርክ የተደረገውን ነው። የፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ወደ 1,000 የሚጠጉ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን በሦስት ቡድን ከፍለው ሒሳብ እንዲለማመዱ አደረጉ። አንደኛው ቡድን በመጽሐፉና በደብተሩ ብቻ ሠራ። ሁለተኛው እንደ ቻትጂፒቲ ያለ፣ የተጠየቀውን ሁሉ የሚመልስ መሣሪያ ተሰጠው። ሦስተኛው የተሰጠው ደግሞ በመምህራን የተዘጋጀ፣ መልሱን ሳይናገር ፍንጭ ብቻ የሚሰጥ መሣሪያ ነበር። በልምምዱ ወቅት የሁለተኛው ቡድን ውጤት ከመጀመሪያው በ48 በመቶ፣ የሦስተኛው በ127 በመቶ በለጠ። መሣሪያው ተወስዶ ሁሉም ያለ ረዳት ሲፈተኑ ግን መልስ የሚሰጠውን መሣሪያ ይዘው የተለማመዱት፣ ምንም መሣሪያ ካልነካቸው ልጆች በ17 በመቶ ዝቅ ብለው ተገኙ፤ ፍንጭ ብቻ የተሰጣቸው አልተጎዱም፣ አልበለጡምም። እኔ ከዚህ ጥናት የምይዘው በልምምድ ላይ የታየው ማርክና የተጨበጠው ዕውቀት እንዲህ ሊራራቁ መቻላቸውን ነው። የቤት ሥራ ማርክ ለተማሪው ዕውቀት ምስክር የመሆን አቅሙን እያጣ ያለው በዚህ ምክንያት ነው።

እኛ ይህን ለመረዳት ቱርክ ድረስ መሄድ አያስፈልገን ይሆናል። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ኩረጃን ለመግታት በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ሲጀምር 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈተኑት 3.3 በመቶ ብቻ እንደ ነበሩ ሁላችንም እናስታውሳለን። ያ ፈተና ቻትጂፒቲ ገና ሊወጣ ከአንድ ወር በላይ ሲቀረው የተሰጠ ነውና ጥፋቱን በማሽን ማሳበብ አይቻልም። በየትምህርት ቤቱ ሰርተፍኬት ላይ ይሞላ የነበረው ቁጥር ቀድሞም ቢሆን የተማሪውን ዕውቀት አይናገርም ነበር፤ ኤአይ ያደረገው ያንኑ ክፍተት ማስፋትና ለሁሉም በነጻ ማዳረስ ነው። የቡድን ሥራ ተብሎ አንድ ጎበዝ ልጅ ሠርቶ አምስቱ ስማቸውን የሚጽፉበትን ወረቀት ለዓመታት ተቀብለን ማርክ ስንሰጥ የኖርን ሰዎች ዛሬ በስልኩ ብቻ መደንገጣችን ትንሽ ይገርመኛል።

እንግዲህ ምን ይደረግ ለሚለው፣ በአካባቢያችን ለብዙ ዘመን የኖረውን የቅኔ ጉባኤ አሠራር እንድንመለከት እጋብዛለሁ። በጎንጅም ሆነ በዋሸራ የቅኔ ተማሪ የሌላውን ቅኔ በቃሉ ይዞ በመምጣት ከደረጃ ደረጃ አይሻገርም። ከጉባኤ ቃና ጀምሮ እስከ መወድስ ባሉት የቅኔ ዓይነቶች ሲዘልቅ አዲስ ቅኔ እየቆጠረ በመምህሩ ፊት ቀርቦ ይናገራል፤ መምህሩም እዚያው ይሰማዋል፣ ያርመዋል፣ ምሥጢሩን ይጠይቀዋል፣ ቤቱ ካልመታ መልሶ ይሰደዋል። ተማሪው ከዛፍ ሥር ብቻውን ሲቆጥር ማን እንደ ረዳው መምህሩ አይመረምርም፤ ቀርቦ ሲጠየቅ መልስ ካጣ ነገሩ ራሱ ይገለጣልና። ዘመናዊው ትምህርት ቤት ከዚህ ሊወስድ የሚችለው ወረቀቱን እንደ መጨረሻ ውጤት መቁጠር ትቶ ለጥያቄ መነሻ ማድረግን ነው።

በተግባር ለእርስዎ ክፍል የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። የድርሰቱ የመጀመሪያ ረቂቅ በክፍል ውስጥ፣ ስልክ ሳይኖር፣ በእጅ ይጻፍና እርስዎ ፈርመው ይመልሱላቸው። ከዚያ ወደ ቤት ወስደው በኤአይም ቢሆን እንዲያሻሽሉት ይፍቀዱ፤ ሲያስረክቡ ግን ሁለቱንም ወረቀት በአንድነት፣ ምን እንደ ለወጡና ለምን እንደ ለወጡት ከሚገልጽ አንድ አንቀጽ ጋር ያምጡ። ከ10 ማርክ ሁለቱን ለተሻሻለው ወረቀት፣ የቀረውን ለረቂቁ፣ ለማብራሪያውና በቃል ለሚሰጡት መልስ ያድርጉት። መስፈርቱም ከራስ አካባቢ በዓይን አይቶ ወይም ሰው ጠይቆ ለመጣ መረጃ ነጥብ ይስጥ። ያ ተማሪ ከአጎቱ መረብ ያመጣውን ነገር የትኛውም ማሽን ሊያመጣለት አይችልም፤ ሰዋስውን ማቃናት ግን አሁን በጣም ርካሽ ሥራ ሆኗል፣ ርካሽ ለሆነው ነገር ከፍተኛውን ነጥብ መስጠታችንን መቀጠላችን ትክክል አይመስለኝም።


መልስ፦ ከ«ደሴት አስተማሪ»

የቀደሙት ወንድሜ ያቀረቡት ሐሳብ ጥሩ ነው፤ እኔ ከጣና ደሴቶች በአንዱ ስለማስተምር ከሌላ ወገን የሚታየውን ልጨምር።

ዕድሜያቸው የሚያስታውስ ሰዎች እንደሚያውቁት፣ በ1990ዎቹ መጨረሻ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ፕላዝማ (በቴሌቪዥን የሚሰጥ ትምህርት) ሲገባ የተባለልን ዛሬ ስለ ኤአይ ከሚባለው ብዙ አይለይም ነበር። ምርጥ መምህር ለከተማውም ለገጠሩም እኩል ይደርሳል ተባለ። በደቡብ አፍሪካ የተዘጋጀው ትምህርት በሳተላይት፣ በእንግሊዝኛ፣ ለሁሉም ክፍል በአንድ ሰዓት ይተላለፍ ነበር። ተማሪው ሳይገባው እጁን ቢያወጣ ቴሌቪዥኑ አይጠብቀውም፤ ጥያቄ አቅርቦ ጥቂት ሰከንድ ከቆየ በኋላ መልሱን ራሱ ተናግሮ ያልፋል። እኛ መምህራን ደግሞ መክፈቻና መዝጊያ ላይ የምንናገር አጃቢዎች ሆንን። መብራት ሲሄድ የዕለቱ ትምህርት አብሮ ይሄዳል፣ ሲመለስ ፕላዝማው ሌላ ምዕራፍ ላይ ደርሷል።

አዲሱ ቴክኖሎጂ በአንድ ነገር ከፕላዝማ እንደሚሻል አልክድም፤ ይጠብቃል፣ ደጋግሞ ቢጠየቅ አይሰለችም፣ የልጁን ደረጃ ተመልክቶ መልሱን ዝቅ አድርጎ ያስረዳል። ችግሩ የሚደርሰው ለማን ነው የሚለው ላይ ነው። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ የከተማ የግል ትምህርት ቤቶች በቴሌግራም ዎርክሺት እየላኩ ሲያስተምሩ፣ የእኛ ልጆች መጽሐፋቸውን ዘግተው ከብት ጥበቃና ማገዶ ለቀማ ገቡ፤ ሲከፈት ሁሉም አልተመለሱም። በዚያ ወቅት በዓለም ከ1.5 ቢሊዮን በላይ ተማሪዎች ከክፍል ውጭ ሆነው ነበርና ጉዳቱ የእኛ ብቻ አልነበረም፤ ኢንተርኔት ባለበትና በሌለበት የነበረው ልዩነት ግን እጅግ የሰፋ ነበር። አሁንም በእኔ ክፍል ስማርት ስልክ ያለው ተማሪ በጣት የሚቆጠር ነው፣ ኔትዎርክ የሚገኘውም ወደ ጀልባ ማቆሚያው ሲወርዱ ነው። በቤት የሚሠራና በኤአይ የሚሻሻል ሥራ ማርክ ከተሰጠው፣ ማርኩ የሚሄደው ጥቅል መግዛት ለሚችለው ነው። ስለዚህ ለተሻሻለው ወረቀት ሁለት ማርክ የተባለውን እኔ ዜሮ ባደርገው እመርጣለሁ፤ እርማቱን ይማሩበት እንጂ አይለኩበት።


መልስ፦ ከ«የሸምብጥ ኮደር»

ስለ ቴክኖሎጂው አንድ ሁለት ነገር ልበል፤ ሙያዬ ሶፍትዌር ነው።

ልጆቹ ለምን ሁሉም አንድ ዓይነት ጽሑፍ አመጡ ለሚለው መልሱ ቀላል ነው። ቻትጂፒቲን የመሰሉት የኤአይ ሞዴሎች ጽሑፍ የሚያመነጩት ከተማሩበት ክምችት ውስጥ በብዛት አብሮ የሚሄደውን ቃል ተከትለው ነው። አጭር ጥያቄ ለጠየቃቸው ሁሉ የሚሰጡት መልስ የመካከለኛውን መንገድ የያዘ፣ ማንም ሊጽፈው የሚችል ይሆናል። ስለ ጣና የተጻፈ ነገር በኢንተርኔት ላይ ጥቂት ስለ ሆነ ደግሞ ሞዴሉ ስለ ሌሎች ሐይቆች ከሚያውቀው እየቀዳ ክፍተቱን ይሞላል።

በአማርኛ ሲሆን ችግሩ ይብሳል። ሞዴሉ ጽሑፍ የሚያነበው በቁርጥራጭ ነው፤ ቁርጥራጮቹ የተቀመሩት በአብዛኛው ከእንግሊዝኛ ጽሑፍ ስለ ሆነ አንድ የተለመደ የእንግሊዝኛ ቃል ብዙ ጊዜ በአንድ ቁራጭ ሲያልፍ፣ የእኛ ቃል ግን ብዙ ቦታ ይበጣጠሳል። ኮምፒውተር ፊደልን በሚመዘግብበት በዩቲኤፍ-8 አሠራር አንዱ የግእዝ ፊደል 3 ባይት የሚይዝ መሆኑም ለዚህ አስተዋጽኦ አለው፤ የላቲኑ ፊደል 1 ባይት ብቻ ነው። ውጤቱ ያው አንድ ጥያቄ በአማርኛ ሲጠየቅ ብዙ ቁራጭ ይፈጃል፣ በነጻ የሚሰጠው መጠን ቶሎ ያልቃል፣ የመልሱም ጥራት ይወርዳል። ስለ ዘጌ ገዳማት በአማርኛ ብትጠይቁት የኡራ ኪዳነ ምሕረትንና የአዝዋ ማርያምን ታሪክ ቀላቅሎ፣ ዓመተ ምሕረት ጨምሮ፣ በሙሉ ልብ ሊነግራችሁ ይችላል። አማርኛው ያማረ ስለሚሆን ስሕተቱ አይታወቅም፣ እኔን የሚያሰጋኝም ይኸው ነው። ባለፉት ሁለት ሦስት ዓመታት መሻሻል መኖሩን ግን መመስከር አለብኝ።

ስለ ኦንላይን ትምህርት ደግሞ፣ እ.ኤ.አ. በ2011 ስታንፎርድ የኤአይ ኮርሱን በነጻ በኢንተርኔት ሲከፍት ከ160,000 የሚበልጡ ሰዎች ተመዝግበው ነበር፣ የጨረሱት ግን ከሰባት አንዱ ገደማ ነው። የኦንላይን ኮርስ መድረኮቹ ኮርሴራና ኤድኤክስ በቀጣዩ ዓመት ከተመሠረቱም በኋላ ነገሩ ብዙ አልተለወጠም፤ ራሱን መግዛት የሚችል፣ ቀድሞ መሠረት ያለው ሰው ይጠቀምበታል፣ የቀረው ይጀምርና ይተወዋል። በአገራችን በ2016 ዓ.ም. ክረምት ይፋ የሆነውን የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና እኔ ራሴ ወስጃለሁ፤ አብረውኝ በቡድን ተቀምጠው ይማሩ የነበሩት ሲጨርሱ፣ በየቤታቸው ብቻቸውን የጀመሩት አብዛኞቹ ቪዲዮውን እያሳለፉ ለሰርተፍኬቱ ብቻ ሲሮጡ አይቻለሁ።


መልስ፦ ከ«የ12ኛ ክፍል ተማሪ»

መምህርት፣ የእርስዎ ተማሪ ባልሆንም ከእኛ ወገን ያለውን ቢሰሙ ብዬ ነው።

ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ሁሉንም ትምህርት የምንማረው በእንግሊዝኛ ነው። ፊዚክስ ላይ ያልገባኝን ነገር በክፍል ውስጥ በእንግሊዝኛ ለመጠየቅ አፍራለሁ፤ ማታ ግን ቻትጂፒቲን «ይህን በአማርኛ አስረዳኝ» ብዬ እጠይቀዋለሁ፣ እስኪገባኝ ድረስም ደጋግሜ እጠይቀዋለሁ። የሞሜንተም ጥያቄዎችን የለመድኩት በዚህ መንገድ ነው፤ መልሱ ትክክል መሆኑን የማረጋግጠው ከመማሪያ መጽሐፉ ጋር አስተያይቼ ነው። ይህን ከከለከሉን የሚጎዱት አስጠኚ የመቅጠር አቅም የሌላቸው ቤተሰቦች ልጆች ናቸው።

ድርሰት ሲሆን ግን ነገሩ ሌላ ነው። አሳይመንት በአንድ ሳምንት ከአራት መምህራን ይሰጠናል፤ አንዳንዱ ወረቀት ታርሞ አይመለስልንም፣ ተነብቦ እንደ ሆነም አናውቅም። ማንም ለማያነበው ጽሑፍ ማንም አይደክምም። በቃል የሚጠይቅ መምህር እንዳለ ካወቅን ግን እናነባለን፤ ክፍል ፊት ቆሞ አለማወቅ ከዜሮ ማርክ በላይ ያሳፍራል።


ምላሽ፦ ከ«መምህርት ዘግሽ ዓባይ»

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ረቂቁ በክፍል እንዲጻፍ የቀረበውን ሐሳብ ተቀብያለሁ፤ የደሴቱ ወንድማችን ስለ ፍትሐዊነት ያነሡት ነጥብም ስላሳመነኝ በቤት ለሚሻሻለው ወረቀት ማርክ አልሰጥም። ተማሪውም ስለማይነበብ ወረቀት የተናገረው እውነት ነው፤ አምስት ሴክሽን ለያዘ መምህር ሦስት መቶ ድርሰት በየሳምንቱ ማንበብ እንደማይቻል ግን እርሱም ይረዳልን። የቀረኝ ጥያቄ ይኸው የብዛት ጉዳይ ነው። እያንዳንዱን ተማሪ በቃል ልጠይቅ ብል የሴሚስተሩ ክፍለ ጊዜ ሁሉ አይበቃኝም፤ «ፔዳ ግቢ» ይህን እንዴት ያዩታል?


መልስ፦ ከ«ፔዳ ግቢ»

ሁሉንም መጠየቅ አይጠበቅብዎትም። ወረቀት በተሰበሰበ ቁጥር ከየሴክሽኑ ስድስት ወይም ሰባት ልጆችን በዕጣ ያውጡና በዚያው ክፍለ ጊዜ መጀመሪያ ላይ ለእያንዳንዳቸው ሁለት ደቂቃ ይስጡ፤ ከ15 ደቂቃ ብዙም አይበልጥም። ጥያቄው ከራሱ ከልጁ ወረቀት ይሁን፤ «ይህን ቃል ለምን መረጥኸው»፣ «ይህን ከማን ሰማኸው»፣ «ይህን አንቀጽ ብናወጣው ምን ይጎድላል» የሚሉት ይበቃሉ። በእንግሊዝኛ መመለስ ያቃተው በአማርኛ እንዲመልስ ይፍቀዱለት፤ በዚህ ሰዓት የሚፈልጉት ጽሑፉን ማወቁን እንጂ የንግግር ችሎታውን አይደለም። በሴሚስተሩ ውስጥ ማንም ሳይጠየቅ እንዳይቀር ስም ይመዝግቡ፣ አንድ ጊዜ የወጣ ስም ግን ወደ ዕጣው ይመለስ፤ አለበለዚያ ተራው ያለፈው ልጅ ለቀጣዩ ወረቀት ግድ አይኖረውም። ንባቡንም ቢሆን በሙሉ ልብ የሚያነቡት ዕጣ የወጣላቸውን ወረቀቶች ሆኖ የቀሩትን በጨረፍታ ቢያልፏቸው በቂ ነው። ዕጣው የሚወጣው ግን ሁሉም ካስረከቡ በኋላ ይሁን፤ ቀድሞ ከታወቀ የሚዘጋጁት የደረሳቸው ብቻ ናቸው።